ረቡዕና ዓርብ የጎደለው አስቤዛ

«ለመሆኑ ሁለት ሰው በወር ስንት ይበላል?»

ይሄን የጠየቀኝ አባቴ ነው። በቪዲዮ። ስልኩን አገጩ ስር ስለሚይዘው ከፊቱ ይልቅ አፍንጫው ነው የሚታየው። ከአፍንጫው ጀርባ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ የሚያሠራው ሰርቪስ ቤት አለ፤ ገና ቆርቆሮ ያልለበሰ ማገሩ ተገትሮ። ዓለም ሁሉ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ሰሞን ነው። እኛ ዱባይ አጠገብ አጅማን፣ እሱ አዲስ አበባ። ቆርቆሮ ስንት እንደገባ ሲያወራ ቆየ። እህቴ ሥራ እንደቆመ በትህትና ልታስረዳው ስትሞክር ነው ጥያቄውን የወረወረው። ለሷም አይደለም፤ ለኔ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ» ብሎ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ልናገር ስል እህቴ ካሜራው በማያይበት በኩል ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ቁንጥጫ ስላችሁ የቀልድ አይደለም፤ ሳምንት ሙሉ በልዞ ነው የቆየው።

«ሁለት ሴቶች ምን እንበላለን ብለው ነው አባባ!» አለችና ሳቀች። «ትንሽ ይታገሱን እንጂ እንልካለን።»

ስልኩ ሲዘጋ ጮህኩባት። «ለምንድነው የማታስወሪኝ?»

«አባት ነዋ።»

«አባት ከሆነስ? አባት መልስ አይሰጠውም?»

«ይሰጠዋል። ያንቺ ዓይነቱ ግን አይሰጠውም» አለችኝና ሽንኩርት መላጧን ቀጠለች።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ካላስረዳሁ አይገባችሁም። እኔና እህቴ የምንገናኘው በአባት ነው። እሷን ከመጀመሪያ ሚስቱ ወለደ፤ ገጠር እናቱ ጋ ትቷት አዲስ አበባ ገባ፤ ጌታን ተቀበለ፤ እናቴን አገባ፤ እኔ ተወለድኩ። እኔ ጸሎት ቤት በመዝሙር ሳድግ፣ እሷ ማተብ አስራ፣ ጾም እየጾመች፣ ክፍለ አገር አደገች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ዱባይ ገባች። ስድስት ዓመት ጁሜይራ አንድ ቪላ ውስጥ ኖራ ሠርታ፣ በኋላ ወጥታ በሰዓት እየተከፈላት የሰው ቤት ማጽዳት ጀመረች። የትምህርት ቤት ክፍያዬን፣ ዩኒፎርሜን፣ የካምፓስ የኪስ ገንዘቤን የሸፈነችው እሷ ናት። ይሄን ሁሉ ስታደርግ በዓይኗ ያየችኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። እሷ አባታችንን «እርስዎ» ትለዋለች፤ እኔ «አንተ»። የኛ ቤተሰብ ታሪክ በቃ እሱ ነው።

እኔ ደግሞ በሃይድሮሊክስ ምህንድስና ተመረቅኩ። አምስት ዓመት ስለ ግድብ ተምሬ፣ ሥራ አጥቼ፣ በቪዚት ቪዛ እህቴ ላይ መጣሁባት። «ዱባይ ኢንጂነር ይፈልጋል» ያለው አባቴ ነው፤ ቲኬቱን የቆረጠችው እህቴ። ሁለት ወር ሲቪ ተሸክሜ ዱባይና ሻርጃ ዞርኩ። በሦስተኛው ወር ኤርፖርቱ ተዘጋ። ውሃን በተመለከተ እዚያ አገር የሠራሁት ብቸኛ ሥራ፣ ሊፍቱ ሲበላሽ የአምስት ጋሎን የመጠጥ ውሃ አራተኛ ፎቅ ድረስ መሸከም ነው።

የምንኖረው ሳሎኑ በጂፕሰም ለሁለት በተከፈለ አፓርታማ ውስጥ ነበር። ግማሹ ሳሎን የኛ ነው። ከጂፕሰሙ ማዶ ያለው ግማሽ የአንዲት የጎጃም ሴት ነው። ዱባይ፣ ናይፍ ገበያ፣ ልብስ ሱቅ ነበር የምትሠራው፤ ሱቁ ከተዘጋ ጀምሮ ግን ቀኑን ሙሉ ኪችን ውስጥ ቆማ የሰው ድስት ስታይ ትውላለች። በመኝታ ክፍሎቹ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች በራቸውን ስለቆለፉ እነሱን እንደሌሉ ቁጠሯቸው።

እህቴ ሥራ ሲቆም ያላትን ገንዘብ በሙሉ አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችው። የቤት ኪራዩን ለየን። ለአስቤዛ በወር አምስት መቶ ድርሃም መደብን።

«ኢንጂነሯ፣ ያዢው» አለችኝ። «አንቺ ሒሳብ ታውቂያለሽ።»

ያዝኩታ። እንዴት አድርጌ እንደያዝኩት ብታዩ! ደብተር ገዛሁ። የሱፐርማርኬቶቹን የቅናሽ ወረቀት በስልኬ እያወረድኩ አስተያይ ነበር። ሩዝ አጅማን ይረክሳል፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ሻርጃ። ሻርጃ ማለት ከኛ ሰፈር መንገድ መሻገር ነው፤ ርካሹ ሱቅ ግን ራቅ ይላል። ስለዚህ ጓንት አድርጌ፣ ማስክ ለብሼ፣ በዚያ ሙቀት ለሁለት ድርሃም ልዩነት አርባ ደቂቃ እሄዳለሁ። በሩ ላይ ዘበኛው የሙቀት መለኪያውን እንደ ሽጉጥ ግንባሬ ላይ ይደግነዋል። አንድ ቀን በቀትር መጥቼ ስለነበር ግንባሬ ግሎ አላስገባኝም። ጥላ ስር ቁጭ ብዬ እስክቀዘቅዝ ጠበቅኩና ገባሁ። ምስር፣ ዘይት፣ የቀዘቀዘ ዶሮ፣ ሠላሳ እንቁላል ያለው ትሪ፣ የዐረብ ዳቦ። የጤፍ እንጀራ ዋጋውን አይቼ ሰረዝኩት። «እብድ ነሽ እንዴ?» አለችኝ እህቴ። «ሁለት ሳምንት ሩዝ ብንበላ አንሞትም» አልኳት። እንዲህ ነበር የማወራው። ገንዘብ ያዥ ስሆን በቃ ሌላ ሰው ሆንኩ።

ጾሙ ደግሞ አገዘኝ። ሁዳዴ ነበር። እህቴ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፣ ሥጋ የለ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ምንም አትቀምስም። እኔ ስለዚህ ጉዳይ የማውቀው ትንሽ ነው። እኛ ቤት ጾም ማለት ፓስተሩ ሲያውጅ ነው። ኦርቶዶክሶች ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾሙ፣ ሁዳዴ ፋሲካ ሲደርስ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ዜሮ ነኝ።

ፋሲካ ደረሰ። አንድ ዶሮ ሠራን፤ እሷ በሷ ጸልያ፣ እኔ በኔ ጸልዬ፣ ከአንድ ትሪ በላን። ጥሩ ቀን ነበር። በዚያው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት እንቁላል ልጠብስ ብድግ ስል «ለኔ አታድርጊ» አለችኝ።

«ጾም ነው እንዴ?»

«ረቡዕ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ዓርብም እንደዚያው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብላቷ ቀረና ወደ ማታ ሆነ፤ ማታም ቢሆን ዳቦ በሻይ። ከዚያ ሰኞ ተጨመረ። «ሰኞ ደሞ ምንድነው?» ስላት «የራሴ ጉዳይ አለብኝ» አለችኝ። ስለት ገብታለች ብዬ ተውኩት። በሰው ሃይማኖት ምን አገባኝ? ደግሞ ወዲያው ረመዳን ገባ። ከተማው በሙሉ ቀን አይበላም፤ የሷ አለመብላት ማን ዓይን ውስጥ ይገባል? ከጂፕሰሙ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን አንድ ዓርብ ዶሮ ስትግጥ አየኋትና «ይቺ ደሞ ማተብ አስራ ጾም ትበላለች» ብዬ በሆዴ ታዘብኳት። እህቴንም ኮራሁባት። አዎ፣ ኮራሁባት።

ከሁሉ የባሰውን ልንገራችሁ። ደብተሬ ላይ የየቀኑን ምግብ የምጽፍበት ሰንጠረዥ ነበረኝ። ከሰኞ፣ ከረቡዕና ከዓርብ ፊት ለፊት «አንድ ሰው» ብዬ እጽፍ ነበር። በቆንጆ እጅ ጽሑፍ፣ በማስመሪያ አስምሬ። በዚያ ላይ ተመሥርቼ ነው የምገዛው። እንቁላሉ ለአንድ ሰው፤ ወተቱ ለአንድ ሰው። የሚበላው አንድ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

ወሩ ሲያልቅ ሦስት መቶ ሰማንያ ድርሃም ነበር ያወጣነው። ደብተሩን ይዤ አልጋው ላይ ዘለልኩ።

«አየሽ? መቶ ሃያ አተረፍኩ!»

«ጎበዝ!» አለችኝ። «ምህንድስና ማለት እንዲህ ነው። በይ መቶ ሃያውን አምጪው።»

«ለምን?»

«ለአባባ። የቆርቆሮ ነው።»

ተናደድኩ። እኔ ለሁለት ድርሃም ፀሐይ ላይ ስቀቀል የከረምኩት ለሱ ቆርቆሮ ነው? ተጨቃጨቅን። እሷ ስትጨቃጨቅ ድምፅዋን አታነሳም፤ ዝም ብላ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ሰጠኋት።

ለምን እንደምትልክ አውቃለሁ። ሰርቪስ ቤቱ ሦስት ክፍል ነው። አባቴ «የዳሯ ክፍል ያንቺ ናት፤ ስትመጪ በርሽን ከፍተሽ ትገቢያለሽ» ብሏታል። በሕይወቷ አባቷ ግቢ ውስጥ አድራ የማታውቅ ሴት ናት። ናይፍ ሄዳ ለዚያች ክፍል መጋረጃ ሳይቀር ገዝታ ሻንጣዋ ውስጥ አስቀምጣለች። አረንጓዴ፣ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ክር ያለው። አንዳንዴ ታወጣውና ታጥፈዋለች፤ የታጠፈውን መልሳ ታጥፈዋለች።

እኔ ደግሞ የማውቀው ሌላ ነገር ነበረኝ። ረመዳን አጋማሹን ካለፈ በኋላ እናቴ በስልክ ስታወራኝ እንደ ዋዛ «የዳሯ ክፍል አልቃ ለፀጉር አስተካካይ ተከራየች፤ የስድስት ወር ቅድሚያ ከፈለ» አለችኝ። ሰማሁ። ስልኩን ዘጋሁ። እህቴ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ የሥራ ልብሷን ቁልፍ ትተክላለች። እኔ አፌን መያዝ የማልችለው ሰው ዝም አልኩ።

ለምን? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ስለፈራሁ ነው። አባቷን ከቆረጠችው እኔ ለሷ ምንድነኝ? በሱ በኩል ካልሆነ በምን በኩል ነው እህቴ የምትሆነው? አልጋዋ ላይ የምተኛው፣ እንቁላል የምበላው እኔ ነኝ። ስለዚህ ዝም። ሦስት ሳምንት።

ዒድ አልፎ ጁሜይራ ያለች አንዲት ማዳም እህቴን መልሳ ጠራቻት፤ በሳምንት ሦስት ቀን። ደስ አለን። በከተሞቹ መካከል አውቶቡስ ስላልነበር አንድ ፓኪስታናዊ በራሱ ሚኒባስ ሰው እየሰበሰበ፣ ካርሊፍት በሚሉት የጋራ ጉዞ ያመላልሳል። ሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ በጠዋት ወጣች። ሻይ አፍልቼ ነበር። «ረቡዕ ነው» አለችና ማስኳን ወደ ላይ ስባ ሄደች።

ስድስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። ማዳም ናት፤ በዐረብኛም በእንግሊዝኛም እየደባለቀች ትጮሃለች። እኔ ከዐረብኛው የገባኝ «ሙሽኪላ፣ ሙሽኪላ» የሚለው ብቻ ነው፤ ችግር አለ ነው የምትለው። ከእንግሊዝኛው ደግሞ እህቴ መስኮት ስትወለውል ከመሰላል ወድቃለች፣ ኮሮና ነው፣ አጥር ውጭ አስቀምጫታለሁ፣ የምርመራ ወረቀት ሳትይዝ እንዳትመጣ።

አጥር ውጭ! በግንቦት ፀሐይ!

ባለ ሚኒባሱ ሌላ ሰው አልጫንም ብሎ የሦስት ሰው ሒሳብ አስከፍሎ አመጣት። የመጨረሻው ወንበር ላይ ብቻዋን፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ። ከታች ተቀበልኳት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ክርኗ ተልጧል። ደግፌያት ልወጣ ስል «ተይ፣ እንዳይዝሽ» ብላ ገፋችኝ።

«ቢይዘኝስ? አንድ ፍራሽ ላይ አይደል የምንተኛው? እስካሁን አልያዘኝም?» ብዬ ተቆጣኋት። ስፈራ እቆጣለሁ፤ ሌላ አልችልበትም።

በማግስቱ ጠዋት ተሰልፈን አስመረመርናት። የምርመራው ዋጋ ከወር አስቤዛችን ብዙም አያንስም ነበር። ከፈልኩ። ያን ሌሊትና ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ማንም አላናገረንም። የኪችኑ በር ላይ «ከሰዓት በኋላ ብቻ ተጠቀሙ» የሚል ወረቀት ተለጠፈልን። ከጂፕሰሙ ማዶ ግን ጎረቤታችን ስትጸልይ ይሰማኛል፤ የእህቴን ክርስትና ስም እየጠራች። ስሟን ከየት እንዳወቀች አላውቅም። እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር።

ዓርብ ጠዋት መልእክት ገባ። ነጌቲቭ!

ኪችን ሄጄ ጮህኩ። ጎረቤታችን በሻሽ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ምድጃው ጋ ቆማ ነበር። እልልታዋን አቀለጠችው። ሻሿን ወደ አንገቷ አወረደችና ጠየቀችኝ።

«እመቤቴ ትመስገን! ታዲያ ምን ጣላት?»

«ጾም ነዋ! ረቡዕ ነበር። ባዶ ሆዷን መሰላል ላይ ወጣች።»

«የምን ጾም?»

«የረቡዕ ነዋ።»

ማማሰያዋን አስቀመጠች። «አንች ልጅ፣ ሃምሳው ቀን መቼ አለቀ?»

«የምን ሃምሳ ቀን?»

«ኧረ በስመ አብ! ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም የለም። ረቡዕ የለም፣ ዓርብ የለም። እንኳን ጾም ስግደት የለም። ጴንጤ መሆንሽንስ አውቃለሁ፤ ፈረንጅ መሆንሽን ግን አላውቅም ነበር።»

«ስለት ከሆነስ? ሰኞም ትጾማለች።»

«ሰኞም!» አለችና በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘች። «በሃምሳው ቀን ስለት ብላ ብትጾም ቄሱ ራሱ ነው የሚቆጣት። እኔ ያን ዓርብ ዶሮ ስበላ በክፉ ዓይን ስታይኝ አልነበር? ለካ ጾም የበላሁ መስሎሽ ነው! ልጄ፣ እህትሽ እየጾመች አይደለም። እህትሽ እየተራበች ነው።»

መጀመሪያ የመጣልኝ ደብተሬ ነው። «አንድ ሰው»፣ «አንድ ሰው»፣ «አንድ ሰው»። በማስመሪያ።

ክፍላችን ስገባ እህቴ ተቀምጣለች፤ ሰምታለች። ጂፕሰም ምን ይደብቃል?

«እታለም፣ ጾም የለም አሉ» አልኳት።

የአልጋ ልብሱን በእጇ ማስተካከል ጀመረች።

«ረቡዕም የለም አሉ። ዓርብም።»

«ያቺ ሴትዮ አፏን ብትሰበስበው ምን አለ?»

«የሷን አፍ ተይው! ስድስት ሳምንት ዋሸሽኝ። በእግዚአብሔር ስም!»

«አልዋሸሁሽም። ረቡዕ አይደል እንዴ ነው ያልኩሽ። ረቡዕ አልነበረም? ጾም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ቀልድ ነው ይሄ? ከመሰላል ወድቀሻል እኮ! አንገትሽ ተሰብሮ ቢሆንስ?»

«አልተሰበረም።»

«በደንብ እየያዝኩት ነበር እኮ! ደብተሩ ላይ አላየሽም? ቁጥሩ እየወረደ ነበር። ለምን ነገሩን አልነገርሽኝም?»

ያኔ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። ተቆጥታ አይቻት አላውቅም ነበር።

«የምታወጪው ቁጥር በምን የወረደ መሰለሽ?» አለችኝ። «ሻርጃ ሽንኩርት ሁለት ድርሃም ስለረከሰ?»

እንዲህ ያለ ነገር ሰው ተናግሮኝ አያውቅም። አምስት ዓመት ሙሉ ተፈትኜ ወድቄ አላውቅም፤ የወደቅኩት ያኔ ነው። እንባዬ መጣ፤ እሱም አናደደኝ። የተራበችው እሷ፣ የማለቅሰው እኔ! እንዲያው ሳላስበው፣ እልህ ይዞኝ፣ ሦስት ሳምንት የያዝኩት ነገር ወጣ።

«ክፍሏ ተከራይታለች።»

«የትኛዋ ክፍል?»

«የዳሯ። ያንቺ።»

እጇ አልጋ ልብሱ ላይ ቆመ። «ለማን?»

«ለፀጉር አስተካካይ።»

«የወንድ ነው የሴት?»

ለምን እንደጠየቀች ዛሬም አላውቅም። «የወንድ» አልኳት።

«ስንት?»

«የስድስት ወር ቅድሚያ ከፍሏል። ስንት እንደሆነ እናቴ አልነገረችኝም።»

«መቼ ነው የሰማሽው?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

ትመታኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«እና አንቺ» አለች፣ «አፍሽ እንዲህ ሆኖ፣ ሦስት ሳምንት ቻልሽው?»

«ፈርቼ ነው።»

«ምን ፈርተሽ?»

«እንዳትጠዪኝ።»

«ጅል» አለችኝ። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ፣ ግድግዳውን እየያዘች፣ ኪችን ሄደች። የፍሪጁ በር ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ እንቁላል ሲሰበር። አንድ። ሁለት። ጎረቤታችን ክፍሏ ተመልሳ ኖሮ ከጂፕሰሙ ማዶ ፀጥ ብላለች፤ እሷም እየቆጠረች እንደሆነ ገብቶኛል። ሦስት። አራት። ዓርብ ጠዋት።

መጥበሻውን እንዳለ ይዛው መጣችና ፍራሹ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ አስቀመጠችው። የዐረብ ዳቦ ለሁለት ቆረሰች፤ ትልቁን ለራሷ ወሰደች። ጎበዝ! በላች። አንገቷን ደፍታ፣ በፍጥነት፣ ጣቷ እየተቃጠለ በላች። እኔ ሁለት ጊዜ ጎርሼ አቆምኩ። «ብዪ» አለችኝ አፏ እንደሞላ፤ «ለሁለት ሰው ነው የጠበስኩት።»

ከሰዓት በኋላ ደብተሩን አውጥቼ ያንን ሰንጠረዥ ቀደድኩት። አዲስ ጻፍኩ። አምስት መቶዋ ወር ሙሉ ትበቃለች? በምርመራው ምክንያት የዚያ ወር ገና ሳይጀመር ጎድሏል። ያም ሆኖ ሰባቱም ቀን ላይ «ሁለት» ብዬ ጻፍኩ፤ በየረድፉ፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት። የሚጎድለውን የት እንደምቀንስ ሳስብ አመሸሁ። መጀመሪያ የሰረዝኩት አንድ ነገር ነው፤ «ለአባባ» የሚለውን።

እሁድ አባቴ ከጸሎት ቤት እንደወጣ ደወለ። እንደልማዱ አፍንጫው። ማገሩ ግማሽ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ዳር ላይ፣ ካለቀችው ክፍል በራፍ፣ አዲስ የመስታወት በር ያንጸባርቃል። እህቴ ያንን በር እያየች ነው። እኔ እሷን።

«ደህና ናችሁ?» አለ። «አሟታል አሉኝ፣ ጸለይኩላት፤ ኮሮናም አይደለም አሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ ሥራም ከተጀመረ… ይሄ ግማሽ ቆርቆሮ ዝናብ ሳይደርስበት፣ ልጄ፣ እንደው እንደምንም…»

እህቴ ሁሌ «እሺ አባባ» የምትልበት ቦታ ላይ ደርሶ ነበር፤ አላለችም። እሱም ግራ ገባው መሰለኝ፣ «ኔትወርኩ ነው እንዴ?» ብሎ ስልኩን ወዘወዘው።

እጇን አየሁ። ጭኔ አጠገብ አልነበረም። ሁለቱንም እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ስልኩን ወደኔ ዞር አደረገችው።

«አባዬ» አልኩት።

«አቤት ኢንጂነሯ!»

«ያኔ የጠየቅከኝን ታስታውሳለህ? ሁለት ሰው በወር ስንት ይበላል ብለኸኝ ነበር።»

«እ… ብዬ ይሆናል፤ ምነው?»

«አምስት መቶ ድርሃም ይበላል። ሰኞ ይበላል፣ ረቡዕ ይበላል፣ ዓርብ ይበላል። ቁርስም ይበላል። ከዚያ የሚተርፍ ነገር የለም፤ እስካሁን የላክንልህም የተረፈ አልነበረም፣ ከአፏ የወጣ ነው። የቀረውን ቆርቆሮ ፀጉር አስተካካዩን ጠይቀው።»